በሚሊሜትር የሚጻፍ የዘር ሐረግ

በ2016 በአፋር ክልል፣ ሚሌ አካባቢ፣ ሚሮ ዶራ በተባለ ስፍራ አንድ የአካባቢው ሰው ከመሬት ላይ የላይኛው መንጋጋ ቅሪት አገኘ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው የወራንሶ ሚሌ የምርምር ቡድን አካባቢውን ሲያስስ ቀሪው የራስ ቅልም ተገኘ። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ የአንጎሉ መጠን 370 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ፊቱ ወደፊት የወጣ ነው። በ2019 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ሲታተም አውስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ የተባለው ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አገኘ። ከዚያ በፊት ዝርያው የሚታወቀው በአብዛኛው በመንጋጋና በጥርስ ነበር።

ግኝቱ አንድ የቆየ ጥያቄም ቀሰቀሰ። በ1981 በመካከለኛው አዋሽ፣ በሎህደሌ ከተባለ ቦታ፣ 3.9 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የግንባር አጥንት ስባሪ ተገኝቶ ነበር። የአናመንሲስን ግንባር ያየ ማንም ስላልነበረ ስባሪውን ከዚያ ዝርያ ጋር ማነጻጸር አይቻልም ነበር። የሚሮ ዶራው ቅል ሲገኝ ማነጻጸሪያው ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከዓይን ጉድጓዶች በስተኋላ ቅሉ ምን ያህል እንደሚጠብ ለኩ። የሚሮ ዶራው በጣም ይጠብባል፤ የበሎህደሌው ሰፋ ያለ ነው፣ ድንቅነሽ ወደምትመደብበት ወደ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ይቀርባል። በዚህ መሠረት ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ዝርያዎች ቢያንስ ለ100,000 ዓመታት በአንድ ዘመን ኖረዋል ብለው ደመደሙ። ይህም አናመንሲስ ቀስ በቀስ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ወደ አፋረንሲስ ተለወጠ የሚለውን ለዓመታት የተለመደ ትረካ አናጋው። አንዱ ዝርያ እንዳለ ሌላው ከእርሱ ተገንጥሎ ከወጣ፣ የዘር ሐረጉ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ይቀርና ቅርንጫፍ ያበጃል።

ክርክሩ የቆመው በአንድ የራስ ቅልና በአንድ ስባሪ ላይ ስለሆነ ገና አላበቃም። እዚህ ላይ ትኩረት የሚገባው ግን የማስረጃው ዓይነት ነው። ሁለቱም ግንባር አላቸው፤ ሁለቱም ከዓይን ጉድጓድ በስተኋላ ይጠብባሉ። ልዩነቱ ምን ያህል በሚለው ላይ ነው። የአጥንት ስፋት፣ የጥርስ ቁመት፣ የመንቆር ውፍረት፣ በእነዚህና በመሳሰሉት የሚለኩ ነገሮች ላይ ተመሥርቶ የዝርያዎችን ዝምድና መተርጎም ይቻላል? ከተቻለስ በምን መንገድ?

የዝርያዎችን ዝምድና የሚያጠኑ ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲጠይቁ የኖሩት አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። አከርካሪ አለው? ፀጉር አለው? ላባ አለው? ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ዊሊ ሄኒግ በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አጠያየቅ ሥርዓት አስያዘው። መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይመሰክርም፤ የሚመሰክረው ከጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ አዲስ ባሕርይ ብቻ ነው አለ። ለታላላቆቹ ቅርንጫፎች ይህ በሚገባ ይሠራል። ወፍን ከእንሽላሊት፣ የሌሊት ወፍን ከወፍ ለመለየት ካሊፐር አያስፈልግም።

ችግሩ የሚመጣው የቅርብ ዘመዳሞች ላይ ሲደረስ ነው። ከተለያዩ ብዙም ያልቆዩ ዝርያዎች አንዱ ያለው አካል ሌላው የሌለው መሆኑ እምብዛም አያጋጥምም። ሁሉም ያው ጥርስ፣ ያው መንጋጋ፣ ያው ክንፍ አላቸው፤ የአንዱ ይረዝማል፣ የሌላው ይወፍራል። አለና የለም ብቻ የሚጠይቅ ተመራማሪ እዚህ ቦታ ላይ የሚጠይቀው ያልቃል፤ ማስረጃው ግን አላለቀም።

ታዲያ ብዙዎች ምን አደረጉ? ልኬቱን ቆራረጡት። የጥርስን ስፋት ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለው ከፋፍለው ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት የሚል ምልክት ሰጡት። ጉዳቱን ለማየት የሦስት ዝርያዎችን መንጋጋ ጥርስ ለምሳሌ እንውሰድ። የመጀመሪያው ስፋት 12.9 ሚሊሜትር፣ የሁለተኛው 13.1፣ የሦስተኛው 15.8 ነው እንበል። ድንበሩ 13 ላይ ከተሰመረ የመጀመሪያው ትንሽ ይባልና ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድነት ትልቅ ተብለው ይመደባሉ። በሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር የሚለያዩት ተለያዩ፤ ሚሊሜትሮች የሚራራቁት ወንድማማች ሆኑ። ድንበሩ 14 ላይ ቢሰመር ዝምድናው ይገለበጣል። ዛፉን የሠራው ተፈጥሮ አይደለም፣ ማስመሪያ የያዘው ሰው ነው።

ይህን ያደረጉት ባለማወቅ ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የዘመኑ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የሚቀበሉት የተቆራረጠ ምልክት ብቻ ነበር። ከዚያም በላይ የሚለካ ባሕርይ ለዝምድና ጥናት አይረባም የሚል እምነት ነበር፤ በዝርያዎች መካከል ይደራረባል፣ ጥርት ያለ ድንበር የለውም ይባል ነበር። አውስትራሊያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኬቨን ቲየል በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን እምነት ፊት ለፊት ሞገተ። ጥርት ያሉ ናቸው ከሚባሉት ባሕርያት ብዙዎቹ በዓይን ተለክተው ስም የወጣላቸው ልኬቶች መሆናቸውን አሳየ። አንድ ተመራማሪ «ቅጠሉ ሰፊ ነው» ብሎ ሲመዘግብ ለክቷል፤ ቁጥሩን ግን አልጻፈውም። ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ ዛሬም ድረስ በቂ መልስ የሰጠበት የለም።

ቀጣዩ እርምጃ ከአርጀንቲና መጣ። በቱኩማን የሚሠራው ፓብሎ ጎሎቦፍ ከማቶኒና ከኪንቴሮስ ጋር በ2006 ባወጣው ሥራ ልኬቱ ሳይቆራረጥ፣ እንዳለ፣ ወደ ዛፍ ስሌት እንዲገባ አደረገ። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከ12.9 ወደ 13.1 መሄድ 0.2 ለውጥ ያስከፍላል፤ ከ13.1 ወደ 15.8 መሄድ 2.7። ኮምፒውተሩ ሊሆኑ የሚችሉ ዛፎችን እየፈተሸ የለውጡ ድምር የሚያንስበትን ይመርጣል። የአንድ ዝርያ ልኬት በአንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሚል ክልል ሊሰጥም ይችላል፤ የሁለት ዝርያዎች ክልል ከተደራረበ በመካከላቸው ለውጥ ተደርጓል አይባልም። ድንበር ማስመር ቀረ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ወዲያው ይመጣል። በሚሊሜትር የተለካ የጭን አጥንት በሚሊሜትር ከተለካ ጥርስ ጋር ሲደመር ጥርሱ ይዋጣል፤ ስለዚህ ልኬቶቹ ወደ ተመጣጣኝ ሚዛን መምጣት አለባቸው። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነትም በአይጥ ጥርስ ላይና በዝሆን ጥርስ ላይ አንድ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት የልኬቱን ሎጋሪዝም ነው፤ ያኔ ጥያቄው በስንት ሚሊሜትር ጨመረ መሆኑ ይቀርና በስንት እጅ ጨመረ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ደግሞ በዕድል ስሌት ላይ የቆመ ነው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከአጥንት ርቆ ነው። በ1827 ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። የዚህ የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ሒሳብ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሥነ ሕይወት ገባ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊው ሉካ ካቫሊ ስፎርዛና እንግሊዛዊው አንቶኒ ኤድዋርድስ የ15 ሕዝቦችን የደም ዓይነት ስርጭት ይዘው የሰው ልጆችን የዝምድና ዛፍ ለመሥራት ተነሡ። አንድ የዘረመል ዓይነት በአንድ ሕዝብ ውስጥ በመቶ ስንት ሰው ላይ እንደሚገኝ የሚነግር ቁጥር ከትውልድ ትውልድ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ይላል። የብራውን ቅንጣት እንቅስቃሴ ይህን ለመግለጽ የተመቸ ሆኖ ተገኘ። በ1973 አሜሪካዊው ጆሴፍ ፌልሰንስታይን ከሚለኩ ባሕርያት ተነሥቶ ዛፍ የሚገመትበትን ስሌት ተግባር ላይ ሊውል በሚችል መልክ አቀረበ። የዛሬው ሥራ አብዛኛው በዚያ ላይ የተገነባ ነው።

ሐሳቡ ይህ ነው። ከአንድ በረት ሦስት ጥጃዎች እረኛ ሳይኖራቸው ወጡ እንበል፤ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይግጣሉ እንጂ ወዴትም አይነዱም። አንዱ ከበሩ ጀምሮ ለብቻው ሄደ፤ ሁለቱ ረጅም መንገድ አብረው ሄደው ወደ ማታ ተለያዩ። ሲመሽ የት እንዳሉ ያየ ሰው፣ ሲለያዩ ባያይም፣ አብረው የቆዩት የትኞቹ እንደሆኑ ሊገምት ይችላል። በአንድ ሜዳ ላይ ብቻ ካየ ሊሳሳት ይችላል፤ በብዙ ሜዳዎች ላይ ያው ሦስቱ በተመሳሳይ ሁኔታ ከተገኙ ግን ግምቱ ይጠነክራል። ሜዳዎቹ የተለያዩ ባሕርያት ናቸው።

ከሒሳቡ የሚወጣ አንድ ነገር በተለይ መታወቅ አለበት። በዘፈቀደ የሚሄድ ባሕርይ ከጊዜ ጋር እኩል አይራራቅም። ጊዜው አራት እጥፍ ሲሆን የሚጠበቀው ርቀት ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለውን የሚሊሜትር ልዩነት ይዞ እነዚህ ከዚህን ያህል ዓመት በፊት ተለያዩ ማለት አይቻልም። ብዙ ልኬት፣ የብዙ ግለሰቦች ልኬት ያስፈልጋል።

በ2018 ፓሪንስ ፉኩቺ የተባሉ ተመራማሪ ሁለቱን ዓይነት ማስረጃዎች፣ የተቆራረጡትንና የሚለኩትን ባሕርያት፣ በኮምፒውተር በተፈጠሩ የዘር ሐረጎች ላይ ፈተኑ። እውነተኛው ዛፍ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ስሌቱ ምን ያህል እንደተሳሳተ መቁጠር ይቻላል። ለውጡ ፈጣን ሲሆን የተቆራረጡት ባሕርያት ማስረጃቸውን አጡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ ብቻ ያለው ባሕርይ ደጋግሞ ሲለዋወጥ የቀድሞ ታሪኩ ይጠፋልና። የሚለኩት ባሕርያት ግን ትዝታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ ያዙ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የቆመው ባሕርያት በዘፈቀደ ይሄዳሉ፣ አንዱም ከሌላው ነጻ ነው በሚል ግምት ላይ ነው። ተፈጥሮ ሁለቱንም ግምቶች ታፈርሳለች፤ ጥናቱ ከባድ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት፣ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ የፊንች ወፎችን መንቆር ዓመት ከዓመት ሲለኩ ኖሩ። በ1977 ድርቅ ገባ። ለስላሳው ፍሬ አለቀ፤ የቀረው ወፍራም መንቆር ካልሆነ የማይሰብረው ደረቅ ፍሬ ነበር። የመካከለኛው የምድር ፊንች ቁጥር ከ1,200 ገደማ ወደ 180 ገደማ ወረደ። ከድርቁ የተረፉት ወፎች መንቆር በአማካይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል የወፈረ ነበር፤ ልጆቻቸውም ወረሱት። ከ1983 ታላቅ ዝናብ በኋላ ደግሞ ደቃቅ ፍሬ በዛና ቀጭን መንቆር ያላቸው ተመረጡ። ይህ የዘፈቀደ ጉዞ አይደለም፤ ረሃብ የነዳው ነው። መንቆርን ብቻ ለክቶ የፊንቾችን ዛፍ የሚሠራ ሰው በከፊል የሚያነብበው የፍሬዎችን ታሪክ ይሆናል። በእርግጥም በ2015 የፊንቾቹ ሙሉ ዘረመል ሲነበብ፣ በመልክና በመንቆር አንድ ዝርያ ተብሎ የኖረው ስለታም መንቆር ያለው የምድር ፊንች፣ በየደሴቱ የተለያየ የዘር ሐረግ እንዳለው ታወቀ።

በካሪቢያን ትላልቅ ደሴቶች ያሉት አኖሊስ እንሽላሊቶችም እንዲሁ ናቸው። በኩባና በጃማይካ በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩት አጭር እግር አላቸው፣ ይመሳሰላሉ፤ የቅርብ ዘመዶቻቸው ግን በየራሳቸው ደሴት ያሉት፣ የማይመስሏቸው ናቸው።

ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ምሳሌ ግን ጣና ላይ ነው፤ ለጉዳዩም ከሁሉ የተሻለው እርሱ ይመስላል።

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተንጣለለ፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ዓሣዎች ይለየዋል። በሐይቁ ውስጥ ላቤዮባርበስ የተባለ ወገን ዓሣዎች ይኖራሉ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ከእነዚህ ዓሣዎች የተወሰኑትን የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ መዘገበ። በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ሌሎች ጨመረ። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ባርበስ የሚባሉትን የምሥራቅ አፍሪካ ትላልቅ ዓሣዎች ሲከልስ የጣናዎቹን በሙሉ አንድ ዝርያ አደረጋቸው፤ መልካቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ድንበር የሚሸጋገር መስሎ ታየው። ከዚህ በላይ የተጠቀሰው የቆየ ክስ፣ የሚለካ ባሕርይ ይደራረባል የሚለው፣ እዚህ ተግባር ላይ ዋለ።

በ1990ዎቹ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እንደገና ለመለካት ተነሡ። ያዩት አንድ ወይም ሁለት ባሕርይ አልነበረም። የራስ ርዝመት፣ የዓይን ስፋት፣ የአፍ ክፍተት፣ የሪዝ ርዝመት፣ የሰውነት ቁመት፣ የጉሮሮ ጥርሶች፣ ሌላም ብዙ ከብዙ ዓሣዎች ላይ ተለካ። እያንዳንዱ ልኬት ለብቻው ሲታይ ይደራረባል። በአንድ ላይ ሲተነተኑ ግን ዓሣዎቹ በየራሳቸው ቡድን ይሰበሰባሉ። ዛሬ በጣና 15 የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አሉ ተብሎ የሚታወቀው ከዚህ ሥራ በመነሣት ነው። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ ላቤዮባርበስ የሚመደብበት ቤተሰብ ዓሣዎች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ የሚያላምጡት በጉሮሮ ጥርስ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአካል ልኬት ብቻ ተነሥተው የትኛው ዝርያ ምን ሊበላ እንደሚችል ተነበዩና ትንበያቸውን ከትክክለኛው አመጋገብ ጋር አነጻጸሩት። ዝርያዎቹ የሚለያዩት በመልክ ብቻም አይደለም፤ ሰባቱ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ወጥተው ይራባሉ።

ስለዚህ ልኬት በጣና ዝርያን ከዝርያ ለይቷል። የእርስ በርስ ዝምድናቸውን ግን ገና በእርግጠኝነት አልነገረንም። የሐይቁ የደለል ናሙና ጣና ከ16,000 ዓመታት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ያሳያል፤ በእናት በኩል የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረመልም በዝርያዎቹ መካከል እጅግ ጥቂት ልዩነት ብቻ አለው። የተለያዩት በቅርብ ነው፣ የለወጣቸውም ምግብ ነው። ትልቅ አፍ ያላቸው ሁለት ዓሣ በሎች ያን አፍ ከአንድ ቅድመ አያት ወርሰውት ይሁን እያንዳንዳቸው ለየብቻ አበጅተውት፣ አፉን በመለካት ብቻ አይታወቅም። ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም። የሩሲያና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በገናሌና በሌሎች የኢትዮጵያ ወንዞች ባደረጉት ጥናት፣ ወፍራም ከንፈር ያለው፣ አለት የሚፍቅ፣ ዓሣ የሚበላ የአፍ ዓይነት በተለያዩ ተፋሰሶች ለየብቻ ደጋግሞ መፈጠሩን በዘረመል አሳይተዋል።

መፍትሔው ልኬትን መተው አይደለም። ፈርጀ ብዙ መፍትሔ አለ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚለኩት ነገሮች ምን ያህል የተሳሰሩ እንደሆኑ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ዝርያ ሰውነቱ ሲገዝፍ እጁም፣ እግሩም፣ ጥርሱም ይገዝፋል። ከዚያ ገላ ላይ አሥር ልኬት የወሰደ ሰው አሥር ምስክር አላገኘም፤ አንዱን ምስክር አሥር ጊዜ ጠየቀ እንጂ። የዛሬዎቹ ስሌቶች በባሕርያት መካከል ያለውን ትስስር አስቀድመው ይገምታሉ፣ የጋራውን የግዝፈት ተጽዕኖ ይለያሉ። አንዳንዶቹም ባሕርዩ ወዲያና ወዲህ ቢልም አኗኗሩ ወደሚጠይቀው መጠን የሚሳብበትን ሁኔታ በስሌቱ ውስጥ ያስገባሉ።

ይህ ወደ አፋር ይመልሰናል፤ እዚያ ነገሩ ምርጫ አይደለምና። የፊንች ዝምድና ሲያጠራጥር ዘረመሉ ይነበባል። የድንቅነሽ ዘረመል ግን የለም። እስካሁን የተነበበው እጅግ ጥንታዊ ዘረመል ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የተገኘው በግሪንላንድ የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ነው። ለአፋር ሙቀት፣ ለ3 ሚሊዮን ዓመት አጥንት፣ ያለን ቅርጽና መጠን ብቻ ነው።

በ1997 በመካከለኛው አዋሽ ቡሪ የተገኘውና በ1999 ብርሃኔ አስፋውና ባልደረቦቹ አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ብለው የሰየሙት የ2.5 ሚሊዮን ዓመት ቅል ችግሩን በግልጽ ያሳያል። መንጋጋ ጥርሶቹ እጅግ ግዙፍ ናቸው፤ ጥርስ ብቻ የለካ ሰው ፓራንትሮፐስ ከሚባሉት ትልቅ መንጋጋ ካላቸው ዝርያዎች ጋር ሊያስቀምጠው ይችላል። ፊቱና ቅሉ ግን የእነርሱን አይመስልም። ትልቅ ጥርስ፣ ወፍራም መንጋጋ፣ ሰፊ ጉንጭ አጥንትና ጠንካራ የማኘኪያ ጡንቻ የተሳሰሩ ናቸው። ደረቅ ምግብ ሁሉንም በአንድነት ሊያገዝፋቸው ይችላል። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ፓራንትሮፐሶች በእርግጥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ወይስ ተመሳሳይ ምግብ አመሳሰላቸው የሚለው ክርክር ያልቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2000 ማርክ ኮላርድና በርናርድ ዉድ ይህን ፍርሃት በቁጥር አስደገፉት። ዘረመላቸው የሚታወቀውን ሕያዋን ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ወስደው በራስ ቅልና በጥርስ ባሕርያት ብቻ ዛፍ ሠሩ፤ ዛፉ ከዘረመሉ ጋር አልተስማማም። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው አጥንት ዝምድናን አይናገርም ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ሄዱ። ውሳኔው የተቸኮለ ነበር። በ2008 አርጀንቲናዊው ሮላንዶ ጎንሳሌስ ሆሴና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ቅሉን ወደ ብዙ ትንንሽ ምልክቶች ከመበተን ይልቅ በአንድነት የሚያድጉ አራት ክፍሎች አድርገው ያዙት፦ የቅሉ ወለል መታጠፍ፣ የፊቱ ወደኋላ መግባት፣ የአንጎል ሳጥኑ መክበብና የማኘኪያው አካል። የእያንዳንዱን ክፍል ቅርጽ በነጥቦች ለክተው፣ ልኬቱን ሳይቆራርጡ በጎሎቦፍ ፕሮግራም አስሉት። ሰው በሚመደብበት በሆሞ ወገን ውስጥ ያሉትን ዋና ዋና ዝርያዎች ዝምድና በዚህ መንገድ መፍታት ቻሉ። ሥራው ሁሉንም ጥያቄ አልዘጋም፤ ጥፋቱ የአጥንቱ ሳይሆን የአለካካቱ ሊሆን እንደሚችል ግን አሳየ።

አንድ ዝርያን በአንድ ግለሰብ መወከል ሌላው አደጋ ነው። ድንቅነሽ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ቁመት ነበራት። በ2005 ወራንሶ ሚሌ የተገኘው፣ ከእርሷ በ400,000 ዓመት ገደማ የሚበልጠው የዚያው ዝርያ ግለሰብ ግን ከሜትር ተኩል በላይ እንደነበር ተገምቷል። የሁለቱን የጭን አጥንት ብቻ ያገኘ ሰው ሁለት ዝርያ ሊል ይችል ነበር። በ1975 ሐዳር ላይ በአንድ ቦታ የተገኙት ቢያንስ የ13 ግለሰቦች አጥንቶች ዋጋቸው ከፍ ያለው ስለዚህ ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ በሴትና በወንድ፣ በልጅና በአዋቂ መካከል ልኬት ምን ያህል እንደሚለያይ ይናገራሉ። የሚሮ ዶራውና የበሎህደሌው ክርክርም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው፤ የአናመንሲስ ሁለተኛና ሦስተኛ ግንባር ሲገኝ።

ከዚህ ሁሉ የሚከተል አንድ ተግባራዊ ጥያቄ አለ፤ የሚመለከተውም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ቅሪተ አካል የሚያጠኑትን፣ በባሕር ዳርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ዓሣ፣ ወፍና ዕፅዋት የሚመዘግቡትን ወጣቶች ነው። በጽሑፎቻቸው ውስጥ «ትልቅ»፣ «መካከለኛ»፣ አለዚያም አንድ አማካይ ቁጥር ብቻ አስቀምጠው እንዳያልፉ። የእያንዳንዱ ግለሰብ ልኬት፣ ፆታው ከታወቀ ፆታው፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ ልኬቱ ከየት እስከ የት እንደተወሰደ አብሮ ይታተም፤ ሌላው ተመራማሪ የራሱን ዛፍ ከዚያ እንዲሠራ። በጣና ይህ ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የመረብ ዓሣ ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ላቤዮባርበሶች በ1990ዎቹ ብቻ ክፉኛ ተመናምነዋል። በፊሊፒንስ፣ በላናው ሐይቅ፣ የዚሁ ቤተሰብ ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ነበር። በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከእነዚያ ዓሣዎች 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታውቋል።